አባዬ በየዓመቱ ሲሚንቶ የሚደርብበት ጣራ

ይህ የሆነው አምና በመስከረም መጨረሻ፣ ክረምቱ ወጥቶ የአዳማ ፀሐይ እንደ ልማዷ ማቃጠል በጀመረችበት ሰሞን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ሰው ቤት ስገባ ሰላም ሳልል በፊት ቀና ብዬ ጣራ አያለሁ። ፀጉር ቤት አለኝ። ካስክ ውስጥ ለተቀመጠች ሴት ሁሉ ይህን ታሪክ ሳልነግር አላሳልፍም፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ! ያንን ጉድ ያየሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመቂና ከዓለም ጤና ሽንኩርትና ቲማቲም እየጫነ አዲስ አበባ ሲያራግፍ ኖሮ በላቡ አዳማ ላይ ቤት ሠራ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ እሱ "እኔ ቆርቆሮ ሥር አልሞትም" ብሎ ጠፍጣፋ የአርማታ ጣራ አስሞላ። ሐሳቡ ወደፊት ፎቅ ሊጨምርበት ነበር። ለዚያ ተብሎ የምሰሶዎቹ ፌሮ ሳይቆረጥ ከጣራው በላይ ወደ ሰማይ እንደቆመ ቀረ። ፎቁ አልመጣም፤ ፌሮው ግን እዚያው ነው፤ እናቴ ገመድ አስራበት ልብስ ታሰጣበታለች። አንድ ቀን "አባዬ፣ ይሄ ነገር ዝጎ አለቀ እኮ፣ ለምን አታስቆርጠውም?" ብዬው ስንት ቀን አኮረፈኝ መሰላችሁ። ተስፋውን ቁረጥ ያልኩት ነው የመሰለው።

ጣራው በየክረምቱ ውሃ ያስገባ ነበር። ያስገባል ስል ታዲያ ባልዲ ተደቅኖለት ጠብ ጠብ የሚል እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ከውስጥ በኩል ሻይ የተደፋበት የሚመስል ቡኒ ክብ ይወጣል። ከዚያ ቀለሙ ያብጣል። ከዚያ እየተላጠ ይረግፋል። አባዬ ደግሞ መድኃኒቱን አውቃለሁ ባይ ነው። ዝናቡ ጋብ ሲል ግንበኛ ይዞ ይወጣና ከላይ አንድ ድርብ ሲሚንቶ ያስለስናል። ከታች ቤቱ ለእንቁጣጣሽ ቀለም ይቀባል፤ ቡኒው ክብ ድራሹ ይጠፋል። እንግዳ ሲመጣ ጣራችን ነጭ በነጭ ነው። በሚቀጥለው ክረምት እንደገና "ሀ" ተብሎ ይጀመራል። ጣራቸው እንደኛ የሆነ ጎረቤቶቻችንም የሚያደርጉት ይህንኑ ስለሆነ ስህተት ነው ያለ ሰው አልነበረም።

ታናሽ እህቴ ሜሮን የመጀመሪያ ልጇን ነሐሴ ላይ ተገላገለች። ባሏ ዳዊት ሥራው ባቱ ስለሆነ እንደ ወጉ ልትታረስ እናቷ ቤት መጣች። እናቴ ትልቁን መኝታ ቤት ለቀቀችላት። ያ ክፍል ደግሞ ቡኒው ክብ ሁልጊዜ የሚወጣበት ክፍል ነው። በዚያ ክረምትም ከአልጋው በላይ ወጥቶ ነበር። በዓሉ ሲደርስ እሷን ለአንድ ቀን ሳሎን አስቀምጠው ቀቡት፤ ተገላገልን።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ የዳዊት የሥራ ባልደረቦች አራስ ሊጠይቁ ከባቱ መጡ። ከመሐላቸው ለሊሴ የምትባል የሕንፃ መሐንዲስ ነበረች። "አካም ጂርቱ" ብላ አባዬን ስትጨብጠው፣ እሱ ኦሮምኛን እንደ አማርኛው ነው የሚያንበለብለው፣ ደስ ብሎት አጠገቡ አስቀመጣት። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ተባለ፣ ገንፎው አራሷ ክፍል ውስጥ ቀረበ። ሁሉም እየተሻማ ሲበላ ለሊሴ አንዴ ጎርሳ ቀና አለች፤ ቀና እንዳለችም ቀረች።

"ምነው ልጄ፣ ቅቤው በዛብሽ እንዴ?" አለቻት እናቴ።

"ኧረ በጣም ይጥማል እማማ። ብቻ... መጥረጊያ ይኖራችኋል?"

ተያየን። ገንፎ ቀርቦላት መጥረጊያ የምትጠይቅ እንግዳ ያኔ ገና ማየቴ ነው። አመጣሁላት። በመጥረጊያው እንጨት ጣራውን ከጥጉ ጀምራ ኳ ኳ እያደረገች መጣች። ጥጉ ላይ ድምፁ ጠንካራ ነበር። ከአልጋው በላይ ስትደርስ ግን ባዶ ቅል የመታች ይመስል ዷ ዷ አለ። ፊቷ ልውጥ አለ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ከላይ ሆኜ ባየው?"

አባዬ ቅር እያለው ይዟት ወጣ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ጣራው መሐል ላይ ግን ውሃ ተኝቷል። መውረጃው ቱቦ በፌስታል ተወትፏል። የአዳማ ነፋስ መቼም የማያመጣው ነገር የለም። ለሊሴ ጠርዙ ላይ ቁጢጥ ብላ የተደራረበውን ሲሚንቶ ባየች ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። ሲሚንቶ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ፣ መሐል ላይ ፀሐይ ያሰነጣጠቀው ካትራሜ፣ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሲሚንቶ።

ከዚያ የቆመው ፌሮ ሥር ጣቷን አስገባች። ጣቷ ቡኒ ሆኖ ወጣ።

"ውሃው በዚህ ነው የሚገባው ጋሼ። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ አርማታውን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ይሄ እርስዎ የደረቡት ደግሞ ውሃ አይከለክልም፣ ሸክም ብቻ ነው የጨመሩበት። በእርጥብ ልብስ ላይ ጋቢ ደርቦ ደረቅሁ እንደማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትዪው?"

"አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ሲያስገባ ይጠገናል። ይሄ ግን የሚጠገንበት ጊዜ አልፏል። ውሃ ይተኛበታል፣ ከታች ያብጣል፣ ሲመታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ዝገት ያልበዋል። የተደረበው ሁሉ ተነስቶ፣ የተበላው ፈርሶ እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ውሃው እንዲወርድ ተዳፋት ይሰጠዋል፣ ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ይነጠፍበታል። እስከዚያ ግን እባክዎ አራሷ እዚያ ክፍል አትተኛ።"

አባዬ ሳቀ። ሳቁ ግን የሳቅ አልነበረም። "ልጄ፣ አራስ ልትጠይቂ ነው የመጣሽው ወይስ ቤቴን ልታፈርሺ? ይሄ ጣራ እኮ ሠርግ ተጨፍሮበታል!" አላት። የተጨፈረው የእኔ ሠርግ ነው።

እንግዶቹ እንደሄዱ ቤቱ ታመሰ። እናቴ "የቤቴን ገንፎ ጎርሶ ሟርት! አስተያየቷም አላማረኝ" አለች። እኔ ሜሮን ዛሬውኑ ወደ እኔ ቤት ትምጣ አልኩ። "አራስ ክርስትና ሳታስነሳ ተነስታ ሰው ቤት? ምች ይምታት? አንቺስ ከመቼ ወዲህ ነው መሐንዲስ የሆንሽው፣ አርፈሽ ፀጉርሽን ተኩሺ!" አለችኝ እናቴ። እሺ ሳሎን ትተኛ አልኩ። "ወጪ ወራጁ ዓይኑን ይጣልባት?" አባዬ ደግሞ ሰው የሚለው ነው ያስጨነቀው። "መኮንን ጣራው ሊወድቅበት ሆኖ ልጁን አሸሸ ይበሉኝ? ክርስትናው ይለፍና አሳየዋለሁ" አለ።

ዳዊት ጋ ደውዬ ነገርኩት። እሱም ለአማቹ ምን አፍ ይኑረው፤ "እስቲ አባባን እንዳይከፋቸው አድርገሽ አስረጂያቸው" አለኝ።

በመጨረሻ ራሷን ሜሮንን ያዝኳት። ልጇን እያጠባች ፈገግ አለችብኝ። "ተይ እንጂ እቴ፣ አባዬ አንቺንም እኔንም እዚህ ጣራ ሥር አይደል ያሳደገን? የሚያሰጋ ቢሆን እሱ ዝም ይለኛል?" አለችኝ። ወደ ፀጉር ቤቴ ተመለስኩ።

ክርስትናው ሲቃረብ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ቀርቼ ላግዛቸው ሄድኩ። ቀትር ላይ ነው፤ ሰማዩ ኩልል ብሏል፣ የደመና ዘር የለም። ጣራ የሚወድቀው በዝናብ ይመስለኝ ስለነበር በዚያ ቀን ሐሳቤም ላይ አልነበረም። እኔና እናቴ ጓሮ ሽንኩርት እንልጣለን። ሜሮን ልጇን አጥብታ አስተኝታው መታጠቢያ ቤት ገብታለች።

ገልባጭ መኪና ድንጋይ የደፋ የሚመስል ድምፅ ሰማን። መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ በጓሮው በር ነጭ አቧራ እየተግተለተለ ወጣ።

"ልጄ! አልጋው ላይ ነው! ልጄ!"

ሜሮን ናት። ውሃ እየተንጠባጠበባት፣ ፎጣ ብቻ አገልድማ እየሮጠች መጣች። ተያይዘን ገባን። በስመአብ! ከአልጋው በላይ የነበረው ጣራ የለም። የዛገው ፌሮ ብቻ እንደ ጎድን አጥንት ተገጣጥጦ ይታያል። ትልልቅ የአርማታ ቁራጮች፣ አንድ ፊታቸው የእንቁጣጣሽ ቀለም እንደተቀባ፣ አልጋው ላይ ተከምረዋል። አልጋው መሐሉ ተሰብሮ መሬት ነክቷል።

በእጃችን ቆፈርን። እንዴት እንዳነሳሁት የማላውቀው ድንጋይ አለ። ጥፍሮቼ ተነቃቀሉ፤ ያወቅኩት በኋላ ደሙን ሳይ ነው። ሜሮን መጮህ አቁማ ትንፋሿ ብቻ ይሰማል። እናቴ በሩ ላይ ቁጭ ብላለች። የልጁ ብርድ ልብስ ጫፍ ታየኝ። መሳብ ግን አልቻልኩም። የሳበችው ሜሮን ናት።

ባዶ ነው።

አልጋው ሥር ይሆን ብለን ተደፋን፤ የለም። አንሶላውን አራገፍን፤ የለም። ሰው ያብዳል ሲሉ እሰማ ነበር፤ በዚያች ደቂቃ አእምሮዬ ሲለቀኝ ተሰማኝ።

"ምን... ምን ሆነ?"

አባዬ ነው። በሩ ላይ ቆሟል። ልጁ በፎጣ እንደተጠቀለለ ክንዱ ላይ ተኝቷል። ሜሮን ልትታጠብ እንደገባች ከአልጋው አንስቶት፣ የውጪው በር አጠገብ ካለው ኒም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር ለካ። ሜሮን ልጇን ነጥቃ እዚያው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለችና ሰውነቱን ትዳስሰው ጀመር። ጎረቤት ተሰበሰበ። "ማርያም ናት ያወጣችው!" እያሉ እልል አሉ። "ጋሽ መኮንን፣ መልአክ ነው ሹክ ያለህ!" አሉት።

እናቴ ማልቀስ ጀመረች። "እኔ ደንቆሮ! በቀትር አታውጣብኝ፣ ምች ይመታዋል እያልኩ ስጨቀጭቀው! በየቀኑ ፀሐይ ላሙቀው እያለ ሲያወጣው!"

ይሄኔ ነው የነቃሁት። አባዬ የእኛን ሕፃንነት "ሲጠነክሩ ስጡኝ" እያለ ያሳለፈ ሰው ነው፤ አራስ ልጅ አቅፎ አያውቅም። ለሊሴ መጥታ ከሄደች ወዲህ ግን ሕፃኑ ጠብቶ ባበቃ ቁጥር ተቀብሎ ያወጣዋል፣ ሲያለቅስ ለጡት ብቻ ይመልሰዋል። እኛ የአያት ፍቅር ነው ብለን ስንስቅበት ነበር። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት። የተገጠጠውን ፌሮ እያየ ነው። ደንግጧል፤ ግን የጠበቀው ነገር የደረሰበት ሰው ድንጋጤ ነው።

"አባዬ፣ ታውቅ ነበር እንዴ?"

"ፈርቼ ነበር" አለ። "አንዳንዴ ሲንቋቋ እሰማው ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ከአፌ ካወጣሁት ቤቱን በገዛ እጄ አፈረስኩት ማለት አይደል? ክርስትናው እስኪያልፍ ብዬ ነው።"

ሜሮን ከልጇ ላይ ዓይኗን አነሳች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

"እሺ፣ ልጄን አወጣኸው። እኔስ አባዬ?"

አባዬ ግድግዳው ሥር ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው።

ክርስትናው ባቱ ሆነ። ለሊሴ ተመልሳ መጥታ ሥራውን በኃላፊነት ያዘችው፤ ያለችው ሁሉ ተደረገ። የተደራረበው ሲሚንቶ ሲነሳ የወጣውን ክምር ያየ መንገደኛ ሁለተኛ ቤት የፈረሰ ነው የመሰለው። ተዳፋት ወጣለት፣ ንጣፍ ተነጠፈ፣ ፌሮው ተቆረጠ። እናንተም ጠፍጣፋ ጣራ ሥር የምትኖሩ፣ እባካችሁ በቀለም አትሸንገሉ። ቡኒ ክብ ካያችሁ፣ ካበጠ፣ ሲመታ ባዶ ከጮኸ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚያውቅ ሰው ጥሩ።

አባቴን እወደዋለሁ። ከዚያ ወዲህ በአንድ ዓመት አሥር ዓመት አርጅቷል፤ ሳየው አንጀቴን ይበላኛል። ግን ዛሬም ድንጋጤው አልለቀቀኝም። አንድ አባት ሰው ምን ይለኛል ብሎ ልጁን እዚያ ሥር ሊያስተኛ እንደሚችል ሳላውቅ ብኖር እመርጥ ነበር።

ሜሮን አልተቀየመችም፤ ትመጣለች፣ ትስመዋለች። ባለፈው ስትመጣ አባዬ እንደ ልጅ ተቻኩሎ ተቀበላት። "አዲሱ ጣራ ላይ ውሃ አቁመን ሞከርነው እኮ፤ ጠብ አላለም! ክፍልሽን አንጥፈንልሻል፣ ዛሬ እዚህ እደሪ" አላት።

"እሰይ፣ ጥሩ ነው አባዬ" አለችው። ከዚያ ልጇን አቅፋ፣ ወንበር ይዛ ወጣችና ኒም ዛፉ ሥር ተቀመጠች። እስክትሄድ ድረስ ቤት አልገባችም።