ዘይነባ የነገረችን መጨረሻ

ትናንት ልጄ በልጅነቴ የማውቀውን የጠፈር ተከታታይ ፊልም በላፕቶፕ ከፈተችልኝ። የተጫጫረውን ምስል አጽድተው፣ ድምፁን አጥርተው አድሰውታል። ላፕቶፑ ሲግል የፕላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ ወዲያው ሸዋ ሮቢት፣ እነዘይነባ ግቢ ገባሁ።

ዘይነባ የጎረቤታችን የጋሼ ሰዒድ ልጅ ናት። በሰፈሩ ቪዲዮ ማጫወቻ ያለው እነሱ ቤት ብቻ ነበር። ሁሉንም ክፍል ቀድማን ታያለች፤ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ተሰብስበን ስናይ ደግሞ የሚሆነውን አስቀድማ ትናገራለች። አንጀቴ ያርር ነበር። የመጨረሻው ክፍል የመጣ ዕለት ካሴቱን ሰርቄ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አሰጣሁት። የሮቢት ፀሐይ ሥራዋን ሠራች።

ጋሼ ሰዒድ የተጣመመውን ካሴት አገላብጠው አዩና ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ሆድሽ ውስጥ ያለው ከዚህ ፀሐይ ይብሳል» አሉኝ። ሆዴን ዳሰስኩት፤ አልጋለም።

አጠገባቸው የቆመችው ዘይነባ ግን «እኔ ጠዋት አይቼዋለሁ፤ ልንገራችሁ» አለች። ሁላችንም ከበብናት። እሷ እንደነገረችን፣ በቅናት መንኮራኩሩን ያበላሸችውን ሴት፣ ጓደኞቿ ይቅር ብለው፣ መሀላቸው አስቀምጠው ወደ አገሯ መለሷት። ወላሂ ብላ ስላልማለች ትንሽ ጠረጠርኳት፤ ግን ደስ አለኝ።

ትናንት ያንን ክፍል ጥርት ባለ ምስል አየሁት። ሴትዮዋን ቀይ በረሃ ላይ ጥለዋት ሄዱ። ዞር ብሎ ያያት እንኳ የለም።

«ምነው እማ፣ አለቀስሽ?» አለች ልጄ።

«በዘይነባ ቀንቼ ነው» አልኳት።