ከጥላዋ የሸሸች ባዝራ

ልጅ ሳለሁ ቅዳሜ እስኪደርስ ቀኑ አይገፋልኝም ነበር። ያኔ ቤታችን ካባላጋላ በሚባል የከተማው ሠፈር ነበር፤ እናቴ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት፤ አባቴ ደግሞ ኢንቴቤ አየር ማረፊያ በጭነት ክፍል ይሠራ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን ከተማውን ለቀን የጋያዛን መንገድ እንይዝና አስፋልቱ አልቆ ቀዩ ጭቃ ከሚጀምርበት አልፈን ወደ ፈረሶቻችን እንሄድ ነበር።

ፈረስ ማርባት የጀመርነው አስበንበት አልነበረም። አንድ ሙዙንጉ፣ ነጭ ፈረንጅ፣ የአባቴ ወዳጅ ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ አንዲት ባዝራና አንድ ድንጉላ ፈረስ ትቶልን ሄደ። እናቴ ይህን ስትሰማ፣ «ሰው ሁሉ በቦዳ ሞተር ብስክሌት በሚሄድበት ከተማ አንተ ፈረስ ልታረባልኝ ነው?» ብላ ሳቀች። አባቴ ግን ያሰበው አጎቱን ነበር። አጎቱ አያ ደምሌ አዊ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖሩ ሰው ነበሩ፤ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ከሰው ጋር መጨዋወት ቀርቶ እህል እንኳ በቅጡ አይቀምሱም ይባል ነበር። «እኛ ጋ መጥተው ይክረሙ» ተብለው መጡ። ፈረሶቹን አዩ፤ የባዝራዋን ጥርስ ገልጠው መረመሩ፤ ከዚያ በኋላ የመመለሻቸውን ነገር አንስተው አያውቁም።

ቦታው ሰፊ አልነበረም። በማቶኬ ሙዝ ተክል የታጠረ ሜዳ፣ ሁለት ጋጣ፣ አያ ደምሌ የሚያድሩባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል፣ ታች ደግሞ ረግረግ። መብራት አልገባበትም። ሣር የሚያጭደውና ጋጣ የሚጠርገው ካቶ የሚባል የሠፈሩ ሰው ነበር፤ ከአያ ደምሌ ጋር ውሎ ውሎ «ልጓም»ና «ኮርቻ» ማለትን ከእኔ ቀድሞ የለመደ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ቁጥብ ሰው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከረግረጉ የዝንብና የትንኝ መንጋ ይነሣል። ያኔ አያ ደምሌ ኩበት ከምረው እሳት ይለኩሱና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨምሩበታል። ጭሱ ወፍሮ መሬት ለመሬት ሲሳብ ፈረሶቹ ማንም ሳይጠራቸው ይመጡና ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ከጭሱ መሐል ይቆማሉ። አያ ደምሌ ፋኖሱን ግንድ ላይ ሰቅለው፣ የተደፋ ጀሪካን ላይ ተቀምጠው ተረት ይጀምራሉ። እኔ ከነፋሱ ወዲህ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ፤ ሆኖም ጭሱ ዞሮ እያገኘኝ ያስለኝ ነበር፤ እሑድ ማታ ጸጉሬን ስታበጥር እናቴ ሽታው አልለቅ እያላት ታማርር ነበር።

አያ ደምሌ ተረት ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። ጅብ የሚመጣበት ቦታ ላይ እንኳ ድምፃቸው ያው ነው፤ ዝቅ ያለ፣ እኩል፣ ሜዳ ላይ እንደሚሄድ ውኃ። እኔን የሚያናድደኝ ግን አጨራረሳቸው ነበር። አንዳንዴ ተረቱ ይረዝምና እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ልክ ነገሩ ሊጥም ሲል ቀና ብለው ፈረሶቹን ያዩና፣ «እንግዲህ ይበቃናል» ብለው ይነሣሉ።

«ገና እኮ አላለቀም፣ አያ!»

«ለዛሬ አልቋል፣ ማሂዬ።»

ይህን የሚያደርጉት በትልልቅ ሰዎች ግትርነት ነው ብዬ ተቀይሜአቸው የማላውቅ አይምሰላችሁ።

ከሁሉ የምወደው ከጥላዋ የሸሸችውን ባዝራ ተረት ነበር። አንዲት ባዝራ ጠዋት ከጋጣዋ ስትወጣ ጥቁር ነገር እግሯ ላይ ተጣብቆ ታያለች። ትሮጣለች፤ ይከተላታል። ትራገጣለች፤ እሱም ይራገጣል። ወንዝ ትሻገራለች፤ አብሯት ይሻገራል። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ ግን ደክሟት ትቆማለች፤ ዞር ብላ ብታይ ያ ስትሸሸው የዋለችው ነገር ትንሽ ሆኖ፣ ሙቀቱን ፈርቶ ከሆዷ ሥር ተጠልሏል። ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነች በየጊዜው የተለየ ነበር።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ የባዝራችን ልጅ ወለላ አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነበር። አያ ደምሌ ጠዋት ጠዋት ጎኗን እየዳበሱ አሥራ አንዱን ወር ጠበቁ። መውለጃዋ በተቃረበበት ሳምንት ግን እሳቸውን ወባ ጣላቸውና ኪቡሊ ሆስፒታል ተኙ። ሲወሰዱ ካቶን፣ «እንገሩን ሳይጠጣ እንዳይውል፤ ሌላው ይደርሳል» ብለውት ነበር።

ቅዳሜ ማለዳ ካቶ ደወለ። ወለላ ወልዳለች፤ ልጇን ግን እምቢ ብላለች። አባቴ ሥራ ላይ ስለነበር እናቴ ምግብ ቤቷን ለሠራተኞቿ ትታ መኪናዋን አስነሣች። ዝናብ ዘንቦ ስለነበር መጨረሻው ላይ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ጫማችንን በእጃችን ይዘን በእግር ገባን።

ውርንጭላዋ ከጋጣው ጥግ ቆማለች፤ አራቱ እግሮቿ አራት የተለያየ አቅጣጫ የሚሄዱ ይመስላሉ። ጸጉሯ ገና አልደረቀም። ወደ እናቷ አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር ወለላ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣጥፋ ትነክሳለች፣ ትራገጣለች። ካቶ መሐል ሊገባ ሞክሮ ክንዱ አብጧል። የወለላ ግት ተወጥሮ ይታያል፤ ወተቱ ሞልቶ ሳለ ውርንጭላዋ በረሃብ ልትሞትብን ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ ማሳካ እንዳለና ከሰዓት በፊት እንደማይደርስ ነገረን። እስከዚያ እንገሩን ካልጠጣች መትረፏን እንጃ አለ። ካቶ ወለላን አስሮ ሞከረ፤ ገመዱን ልትበጥስ ስለደረሰች ፈታት። ውርንጭላዋ ጀርባ ላይ ጨው ነሰነሰ፤ ወለላ አሸተተች፣ አንዴ ላሰች፣ መልሳ ነከሰቻት። እናቴ አያ ደምሌ ጋ ብትደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

ውርንጭላዋ ተንበረከከችና ተኛች። አንገቷን መሬት ላይ ስታጋድም እኔ ጮኼ አለቀስኩ። ወለላ በጩኸቴ ደንግጣ ግድግዳውን ረገጠች።

«ውጪ! ውጪ ከዚህ፣ ባሰባት!» አለችኝ እናቴ።

ወጥቼ የተደፋው ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ። ከፊቴ የትናንቱ አመድ ነበር። እዚያ ቁጭ ብዬ ነው አንድ ነገር የታየኝ፤ ወለላ ረግታ ቆማ የማያት አመሻሽ ላይ፣ ጭሱ ውስጥ፣ አያ ደምሌ ሲያወሩ ነው። ዛሬ ደግሞ ሁላችንም ከማለዳ ጀምሮ ስንጮህባት አረፈድን።

«ካቶ፣ ጭሱን አጭስልኝ» አልኩት።

«አሁን? ሲስተር፣ ገና ጠዋት እኮ ነው።»

«እባክህ።»

እናቴን አየ። እናቴ እጇን አንሥታ፣ «እሺ በላት፣ ምን ቀረን» አለች።

ጭሱ ጋጣው ውስጥ ገባ። ጀሪካኑን በር ላይ አድርጌ ተቀመጥኩና፣ «አንዲት ባዝራ ነበረች» ብዬ ጀመርኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ተንፍሼ፣ በአያ ደምሌ ድምፅ እንደገና ጀመርኩ፤ ዝቅ አድርጌ፣ እኩል። ባዝራዋ ሮጠች፣ ወንዙን ተሻገረች። የወለላ አንድ ጆሮ ወደ እኔ ዞረ። ካቶ ውርንጭላዋን አቅፎ አንሥቶ በጎን በኩል ቀስ እያለ አስጠጋት። ጥላዋ ከሆዷ ሥር የተጠለለበት ላይ ደረስኩ፤ ወለላ ግን ቆዳዋ ገና እየተርገበገበ ነበር።

ተረቴ አለቀብኝ። ብቆም ሁሉም እንደሚበላሽ ታወቀኝ። ስለዚህ ቀጠልኩ። ባዝራዋን ሐይቁ ዳር ወሰድኳት፤ የማቶኬ ነጋዴዎች አገኘቻቸው፤ ሳር ሰጧት፤ ስሟን ጠየቋት። ምን እንዳልኩ ዛሬ ግማሹን አላስታውሰውም። እያወራሁ ዓይኔ ከወለላ ጆሮ አልተነቀለም፤ የአያ ደምሌ ተረት ለምን አንዴ እንደሚረዝም፣ አንዴ እንደሚያጥር የገባኝም ያኔ ነው። የተረቱን ልክ የሚሰጡት ፈረሶቹ ነበሩ።

ወለላ በረጅሙ ተነፈሰች። አንገቷ ወረደ፤ የኋላ እግሯ አንዱ ሸብረክ አለ። ከዚያ ከግቷ ሥር አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ጭርፍ፣ ጭርፍ፣ ጭርፍ። የውርንጭላዋ አጭር ጭራ ይወናጨፋል። ካቶ ሳይንቀሳቀስ በሹክሹክታ፣ «አታቁሚ፣ አታቁሚ» አለኝ። እናቴ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ውስጥ ቆማ አፏን በመዳፏ ይዛ ታለቅሳለች።

ሐኪሙ ሲደርስ ወለላ ልጇን እየላሰች ነበር። ቅዳሜ ስለተወለደች ስሟን «ቅዳሜ» አልናት።

አያ ደምሌ ከሳምንት በኋላ ከስተው፣ ኮታቸው ሰፍቷቸው ተመለሱ። ቀጥ ብለው ጋጣው ገብተው ውርንጭላዋን ከጋማዋ እስከ ኮቴዋ ዳሰሷት። ካቶ ሁሉን ነግሯቸው ነበርና፣ ከዚያ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«የትኛውን ነገርሻት?»

«ከጥላዋ የሸሸችውን።»

«መጨረሻውን ምን አደረግሽው?»

አፈርኩ። «መጨረሻውን አላውቀውም ነበር፣ አያ። ከራሴ ፈጠርኩ።»

እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳል እስኪይዛቸው ሳቁና፣ «እኔስ የማውቀው መስሎሻል?» አሉኝ።

አያ ደምሌ ካረፉ ቆይተዋል። እኔ ዛሬ እዚያው ከተማ ቡጎሎቢ እኖራለሁ፤ ሳምንቱን ቢሮ ውዬ ቅዳሜና እሑድ ከካቶ ጋር ስድስት ፈረሶች እንጠብቃለን። ከእሳቸው ብዙ ተረት ሰምቼ አብዛኛው ጠፍቶብኛል። የቀረልኝ፣ የፈራ ፍጡር ፊት ስቆም፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ሳላስበው ዝቅ የሚለው ድምፄ ነው። ልጄን ትኩሳት ሲይዛት ይመጣል፤ ቢሮ ውስጥ አዲስ የተቀጠረች ልጅ ስህተቷን ልትነግረኝ ስትገባም ይመጣል። ያኔ እኔ የእሳቸውን ታሪክ የማዳምጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የምማረው ማዳመጣቸውን ኖሯል።

ባለፈው ዝናብ ወራት ቅዳሜ ራሷ ወለደች። ካቶ ደውሎልኝ ማለዳ በዚያው ጭቃ ሮጥኩ፤ መንገዱን ሁሉ ምን እንደምነግራት እያሰብኩ። ስደርስ ውርንጭላው ደርቋል፣ ጠግቧል፤ እናቱ ጆሮውን ትልሳለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ምንም የምነግራት ነገር አልነበረም። በሩ ላይ ተደግፌ ፀሐይ እስክትሞቅ ድረስ ዝም ብዬ አየኋቸው።