አስካለ ስትፈራ ትስቃለች

የልጅ ልጄ ማርታ ባለፈው እሑድ አጠገቤ ተቀምጣ ከስልኳ ላይ ጥያቄ ታነብልኝ ነበር። «አባባ፣ ሲጨነቁ ምን ያደርጋሉ? ይቆጣሉ? ዝም ይላሉ? ወይስ ይስቃሉ? አንዱን ይምረጡ።» ትምህርቴ ያው ከፊደል ብዙም ያላለፈ ነው፤ የሰው ጠባይ እንዲህ ተከፋፍሎ መጻፉን አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ስሰማ ግን የእርጥብ ሸክላ አፈር ሽታ አፍንጫዬን መታው፤ ሦስቱም መልሶች አንድ ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው ታዩኝ።

ቀጨኔ ነው ያደግነው። እናታችን ሸክላ ሠሪ ነበረች፤ አፈሩን ከእንጦጦ ሥር ካለው ገደል፣ ዋሻ ከመሰለ ጉድጓድ ቆፍረን በጆንያ የምናመጣላት እኛ ነን፤ ታላቄ ታደሰ፣ ታናሼ አስካለና እኔ። ታደሰ ሲጨንቀው ይቆጣል፤ በር እምቢ ካለው በሩን ይመታል። አስካለ ስትፈራ ትስቃለች፤ ለቅሶ ቤት ስቃ ስንት ጊዜ እንደተቆነጠጠች እኔ ነኝ የማውቀው። እኔ ደግሞ አፌ ይያዛል። የሰፈር ልጆች «ድዳው» ነበር የሚሉኝ።

አንድ የክረምት ጠዋት፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ እናታችን «ዛሬ ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትገቡ፤ ከላይ ከላዩን ብቻ ጫሩ» ብላ ሸኘችን። ታደሰ ግን ጥሩው አፈር ከውስጥ ነው ብሎ ዶማውን ይዞ ገባ። ብዙም አልቆየ፤ ግድግዳው ድንገት ተንዶ ወረደ። ታደሰ እስከ ደረቱ ተቀብሮ አየነው።

አስካለ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቅሻል አንቺ! አንተስ ምን ትገተራለህ? ሳበኝ እንጂ!» ታደሰ እየተሳደበ ይፈራገጣል፤ በተፈራገጠ ቁጥር አፈር ይረግፍበታል። ከራሱ በላይ ስንጥቅ አየሁ። ጣት የሚያስገባ ነበር፤ ዓይኔ እያየ ክንድ የሚያስገባ ሆነ። እሱ አያየውም። «አትንቀሳቀስ» ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ ትናጋዬ ላይ ተጣበቀ።

አስካለ ዞር ስትል ዓይኔን አየች፤ ዓይኔ የሄደበትን ተከትላ ስንጥቁን አየች። ሳቋ ባሰበት፣ እንባዋ ይወርዳል። በዚያው ሳቅ መሀል፣ «ታዴ፣ ተሳደብ! እስኪበቃህ ተሳደብ፤ ግን ከአፍህ በቀር ምንም እንዳታንቀሳቅስ፣ ጣራህ ሊወርድብህ ነው!» አለችው። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ፣ «አንተ መናገሩን ተወውና ቆፍር። እኔ እንደሆነ ሳቄን ማቆም አልችልም።»

ዶማ ያናውጣል ብዬ በእጄ ቆፈርኩ። ታደሰ ከአክስታችን ባል ጀምሮ እስከ ጎረቤት ውሻ ድረስ አንድም ሳያስቀር ሰደበ፤ ገላው ግን እንደ ድንጋይ ቀጥ አለ። ወገቡ እንደወጣ አንድ ትልቅ ጓል ከስንጥቁ ሲላቀቅ አየሁ።

«አሁን!» አልኩ።

አፌ ተከፈተ። ሁለታችን ይዘን ጎተትነው፤ ሦስታችንም ተያይዘን ስንወድቅ ገደሉ ከኋላችን ተናደ። አስካለ ሳቋን አቁማ እስከ ቤት ድረስ አለቀሰች።

ጠባያችን ከዚያ በኋላ ተለወጠ ብዬ አልዋሽም። ታደሰ ግን ሲቆጣ እጆቹን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መቀመጥ ለመደ፤ ሚስቱ ሳትቀር በዚህ ታመሰግነው ነበር። እኔም ሲጨንቀኝ አንዲት ቃል ታግዬ አወጣለሁ፤ አንዷ ከወጣች ሌላዋ ትከተላለች።

ዛሬ እዚያ ገደል ላይ ፎቅ ቆሞበታል፤ ጉድጓድ ነበር ብል ማን ያምነኛል። ታደሰን አምና ቀበርነው። አፈሩ ሳጥኑ ላይ መውረድ ሲጀምር አስካለ በዚያ እርጅናዋ ሳቀች። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። «ኧረ ነውር ነው!» አለች አንዲት ሴት። የእኔም አፍ እንደ ልማዱ ተያዘ። ቀስ ብዬ ሄድኩና የእህቴን እጅ ያዝኩ።

«ፈርታ ነው» አልኩ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ተዉአት፤ እህቴ ስትፈራ ትስቃለች።»

ማርታ ስልኳን ይዛ ትጠብቀኛለች። «አባባ፣ የቱን ልምረጥ?»

«ዝም ይላል በይ» አልኳት። «የእህቱን እጅ ሲይዝ ግን ይናገራል የሚል ካለ፣ እሱን ምረጪልኝ።»