እናት የሌለው ድምፅ

ኖሪን ሬዲዮ ጣቢያው የገባችው መጥረጊያ ይዛ ነው። ከመንደሩ ምክር ቤት ቢሮ ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል እንድትጠርግ ቀጠሯት። ዋርና ጉድጓድ በተባለችው የነባር ተወላጆች የበረሃ መንደር ቀዩ አቧራ ዛሬ ጠርገው ያወጡት ነገ ጠዋት ተመልሶ ይጠብቃል፤ ሥራው አያልቅም። ትምህርቷን ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠችው። እናቷ ታመመች፣ ታናናሾቿን የሚይዝ ጠፋ፣ አንድ ሳምንት ቀረች፣ ከዚያ ወዲያ ነይ ያላት የለም።

በወር አንዴ ከአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የሚመጣው ባለሙያ ኮምፒውተሩን ሲነካካ መጥረጊያዋን ተደግፋ ታየዋለች። ሰውየው ወሬ ስለሚወድ የሚሠራውን ሁሉ ጮክ ብሎ እየተናገረ ነው የሚሠራው። እሷ ዝም ብላ ትሰማለች። በሦስተኛው ዓመት የተበላሸውን ራሷ ማስተካከል ጀመረች። በስድስተኛው ዓመት የራሷን የኮምፒውተር ፕሮግራም ጻፈች፤ አምስት ቁልፍ ያላት አንዲት መስኮት። አንዱ ቁልፍ የመዝሙር፣ አንዱ የእግር ኳስ፣ አንዱ የክሊኒክ፣ አንዱ የቀብር ማስታወቂያ ነው። አምስተኛው የሽማግሌው ነበር።

መስኮቷ ራሷ አትዘፍንም። ቁልፉ ሲጫን አንድ ትንሽ ፕሮግራም ትወልድና ዘፈኑን ለእሱ ታስይዘዋለች። ልጅ ነው የሚባለው፤ ስሙን ያወጣችለት ኖሪን አይደለችም፣ የሙያው ሰዎች እንደዚያ ይሉታል። እያንዳንዱ ልጅ ቁጥር አለው፤ አጠገቡም የእናቱ ቁጥር ይጻፋል። እናት ቀድማ ከሞተች ልጁ አይሞትም። ኮምፒውተሩ ሲበራ ከሁሉ በፊት የተነሣችው ቁጥር አንድ ትወስደዋለች። ኖሪን ይህን የሰማች ቀን ደስ አላት። እነሱም ዘንድ የእናት እህት እናት ናት፤ ልጅ ሜዳ ላይ አይቀርም። እሷ ራሷ የወለደችው የለም፣ ያሳደገችው ግን ሰባት ነው።

የሽማግሌው ስም እዚህ አይነሣም። የታላቅ እህቷ የሜይዚ ባል ነበር። ሁልጊዜ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ማይክሮፎኑ ፊት ተቀምጦ ሰፈር በሰፈር፣ ሰው በሰው ሰላምታ ያቀርባል። ውሾቹ ሳይቀሩ በዚያ ሰዓት ሬዲዮ ያለበት ደጃፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ድምፁ ሲያልቅ ራት እንደሚጣልላቸው ለምደዋል።

የሐኪሞቹ አውሮፕላን ወደ ሆስፒታል ሊወስደው በመጣበት ጠዋት በትሩን ተደግፎ ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል መጣ።

«አንቺ ኖሪን፣ እስክመለስ እዚህ አስቀምጪኝ።»

«ምን ላድርግህ? ጣሳ ውስጥ ልክተትህ?»

«ድምፄን ነዋ! አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሰው ምን ይስማ? የአንቺን ዝምታ?»

ቀዳችው። የስምንት ደቂቃ ሰላምታ ነው። መጨረሻው ላይ «አንተ ክሊፍተን፣ የመኪና ክሪኬን መልስልኝ» አለና ራሱ ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው።

ኖሪን መስኮቷን ስትጽፋት፣ በተዘጋች ጊዜ ልጆቿን ሁሉ ሰብስባ እንድትዘጋ አድርጋ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምታሳድጋቸውን ልጆች ከትምህርት ቤት ለመቀበል ስትወጣ ደግሞ መስኮቷን ዘግታ ነው የምትሄደው። እንደዚያ ከሆነ ሽማግሌው አሥራ አንድ ሰዓት ሳይደርስ ዝም ሊል ነው። ስለዚህ ይህን ቅጂ የሚያሰማውን አንዱን ልጅ ከእናቱ አላቀቀችው። ቀንና ሌሊት እየተኛ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሚነቃ፣ ተናግሮ የሚተኛ አደረገችው። መስኮቷ ላይ አይታይም፣ ከመስኮቷም ጋር አይዘጋም። ሽማግሌው «ዓርብ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ።

ያም ዓርብ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ ስልክ ተደወለ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም እንደ ወጉ ሆነ። ሜይዚ ቤቷን ለቀቀች። ዘመድ ሁሉ ነጭ አፈር ተቀብቶ ከኳስ ሜዳው ወዲያ ሐዘን ሰፈር ተቀመጠ። ባል የሞተባት ሴት አትናገርም፤ ዓመትም ይሁን ሁለት ዓመት ቋንቋዋ እጇ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የተሰቀለው ፎቶግራፉ ፊቱ ወደ ግድግዳው ዞረ። የሟች ስም አይጠራም፣ መልኩ አይታይም፣ ድምፁም አይሰማም፤ የድምፁ ነገር የኖሪን ነበር። ሄዳ ቅጂዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች፣ መስኮቷን ዘጋች፣ ፎልደሩ ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አየች። ቅጂው ከጠፋ ያ ልጅ የሚናገረው የለውም ብላ አሰበች። ከዚያ ተመልሳ እህቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአንዱ መኪና ድምፁ መጣ።

«ምዕራብ ሰፈሮች፣ እንዴት ዋላችሁ?»

ልቅሶው ቀጥ አለ። አንዱ ተነሥቶ የመኪናውን ሬዲዮ ሲያጠፋ፣ ከሱቁ በረንዳ፣ ከክሊኒኩ፣ ሰው ትቷቸው ከመጣባቸው ቤቶች ያው ድምፅ ይሰማ ነበር። ለሜይዚም ሰላምታ ነበራት። «ሜይዚ፣ ሻዩን ጣጂው፣ መጣሁ» አለ። ሜይዚ ሁለት እጆቿን ጭኗ ሥር ከተተቻቸው።

ኖሪን ወደ ሬዲዮው ክፍል ሮጠች። ሰውነቷ ከባድ ነው፣ ሜዳውም ሰፊ ነው። በሩ ጋ ስትደርስ የክሪኩን ነገር ሰማች፤ ሳቁን፣ ሳሉን፣ ከዚያ ፀጥታ። ደጃፉ ላይ አራት ውሾች ተቀምጠው ያዩዋታል።

ስትመለስ የሟቹ እህት ኮራል ቆማ ጠበቀቻት።

«አንቺ የቁልፍ ሴትዮ! ወንድሜን ምን አድርገሽ ነው የያዝሽው?»

«አጥፍቼው ነበር እኮ፣ ኮራል።»

«የጠፋ ሰው ነው እንዴ ክሪክ የሚጠይቀው?»

የኮራል ልጅ ክሊፍተን፣ በሩን ጎንበስ ሳይል የማያልፈው የኳስ ተጫዋች፣ ፊቱ አመድ መስሏል። «አክስቴ፣ ክሪኩን ልመልስ? ለማን ልመልስ? ቤቱ እኮ ተዘግቷል» አለ። የሳቀ የለም።

ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ወሰኑ። የሟቹ መንፈስ እንዲለቃት ክፍሏ በቅጠል ጭስ ሳትታጠን ማንም አይገባባትም። የሚያጥኑት ሰዎች ደግሞ ከሌላ ሰፈር የሚደርሱት በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው።

«እንግዲህ ስሚ» አለች ኮራል። «ነገ ለአሥራ አንድ አምስት ጉዳይ ሲሆን ካላስተካከልሽ፣ ክሊፍተን የመብራቱን መስመር ከውጭ ይቆርጠዋል።»

«ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ አንዴ ከጠፋ አይነሣም። ባለፈው ሲጠፋ ባለሙያው የመጣው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ስልክ የማይደርስባቸው ከብት እርባታዎች አሉ። የቀብሩን ቀን ማን ይነግራቸዋል? ግማሹ ዘመዱ እዚያ ነው።»

«ወንድሜን ሞቶ ሁለተኛ ከምሰማው ቀባሪ ይቅርብኝ።»

ነገሩ ለኖሪን የገባት በማግስቱ ጠዋት ውሃ ስታፈላ ነው። ኮምፒውተር ላይ የተቀዳ ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ስሙ ነው። የያዘው ካለ ገላው አይነካም። ያ ልጅ ደግሞ ገና ሲወለድ ቅጂውን ከፍቶ ጨብጦታል፤ አለቀቀውም። ፎልደሩ ውስጥ የለም፣ ልጁ እጅ ውስጥ ግን አለ። ይህን እያወቀች ከክፍሏ ውጭ ቀኑን ሙሉ ተቀመጠች።

አጣኞቹ ዘግይተው ደረሱ። ቅጠሉን አንድደው በጣሪያውም በጠረጴዛውም ሥር አዞሩት፤ ወለሉን በቅርንጫፍ ጠርገው ሲወጡ ለአሥራ አንድ ሰዓት ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ኖሪን ዓይኗ በጭስ እያለቀሰ ገባች። ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሠሩትን ሁሉ ዝርዝር አወጣች። ሁለት መቶ ሰማንያ ናቸው፤ እናታቸው ቁጥር አንድ የሆነ ደግሞ ብዙ ነው፣ አብዛኞቹ የኮምፒውተሩ የራሱ ናቸው። ጣቷን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አድርጋ እየወረደች ፈለገች። አገኘችው። ዕድሜ፣ አሥራ ሁለት ቀን። ሁኔታ፣ ተኝቷል። እናት፣ አንድ።

መጀመሪያ በወጉ አቁም አለችው። መልስ የለም። አትረብሹት ብላ ራሷ ነበረች የጻፈችለት፤ ተኝቶ እያለ የተነገረውን የሚሰማው ሲነቃ ነው፣ ሲነቃ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው መናገር ነው። የቀረው ትእዛዝ ዘጠነኛው ብቻ ነው። እሱ አይጠይቅም፣ አያስጠነቅቅም፣ ባለበት ይገድላል።

ጻፈችው። ከዚያ ቁልፉን ሳትጫን ቆመች። ሌላውን ሁሉ አጥፍታለች፤ ይህ ከሄደ ያ ሳቅ የትም የለም። ከልጁ እጅ መገልበጥ እንደሚቻል ታውቃለች፤ አንድ መስመር ነው፣ ሳይሰማ ይገለበጣል። ማንም አያውቅም።

በሩ ተንቀጫቀጨ። ኮራል መስላት ነበር፤ ሜይዚ ናት። ፊቷ ላይ ያለው ነጭ አፈር ተሰነጣጥቋል። የመብራቱ ሽቦ አጠገብ የቆመው ክሊፍተን በበሩ ይታያል።

«እትዬ፣ አገኘሁት» አለች ኖሪን። «ይኸው፣ ተኝቷል። ልገለብጠው እችላለሁ። ሐዘኑ ሲነሣ ለልጅ ልጆቹ ይሆናል። ወይስ ይሂድ? አንቺ ንገሪኝ።»

ሜይዚ ማንበብ እምብዛም ነች። መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብላ ብዙ አየች። ከዚያ እጇ ተነሥቶ ጠየቀ፤ ማን ነው የያዘው?

«ቁጥር አንድ ትባላለች። እናት የሌለውን ሁሉ የምትሰበስብ።»

የማን ወገን ናት? አለ የሜይዚ እጅ።

ኖሪን አሰበች። «የማንም አይደለችም፣ እትዬ።»

የሜይዚ እጅ ቀስ ብሎ ተናገረ። ዘመዱ አይደለችም። የእኛን ሰው ባዕድ አይይዘውም። ልቀቂው።

ኖሪን ቁልፉን ተጫነች። ዝርዝሩን እንደገና አወጣች። ሁለት መቶ ሰባ ዘጠኝ።

«ክሊፍተን፣ ተወው!» ብላ ጮኸች። «መስመሩን ተወው!»

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሁለቱ እህቶች ወደ ድምፅ ማጉያው እያዩ ቆሙ። ጭሱ ብቻ ነበር። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሰው ምን ያህል ጊዜ እንደሚተነፍስ ኖሪን ያን ቀን አወቀች። ከዚያ የቀብሩን ቀን የሚናገር ስለሌለ ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ድምፅዋን በሬዲዮ የሰማ ሰው የለም።

«ምዕራብ ሰፈሮች» አለች። «ቀብሩ የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። ምሥራቅ ሰፈሮች…» ሰፈሮቹን የምትጠራው በእሱ ቅደም ተከተል እንደሆነ ያወቀችው ግማሽ መንገድ ከደረሰች በኋላ ነው። ሌላ ቅደም ተከተል አታውቅም፤ ቀጠለች። የክሊፍተን ተራ ሲደርስ ማይክሮፎኑን ዘጋች።

ስትወጣ ክሪኩ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ አራቱ ውሾች ከበውታል። እሷን አላዩዋትም። ዓይናቸው ከበሩ ወዲያ፣ ክፍሏ ውስጥ ነበር።

ቀብሩ ላይ ከከብት እርባታዎቹ ሁሉ ሰው መጣ። ኮራል ለኖሪን ሥጋ ቆርጣ ሰጠቻት፤ ይቅርታ ግን አላለችም። ክሪኩን እስከ ዛሬ ያነሣው የለም፤ ዝጎ ከመሬቱ ጋር አንድ ቀለም ሆኗል። ኖሪን አሁንም ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቷን ትዘጋለች። ሳትወጣ ግን ዝርዝሩን አውጥታ እናታቸው ቁጥር አንድ የሆኑትን በጣቷ ትቆጥራለች። አንዳንድ ቀን አንድ የሚበልጥ ይመስላታል። ልጆቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው እየጠበቋት፣ ከላይ ጀምራ ደግማ ትቆጥራለች።