ባዶ ካርቶን ላይ መውደቅ

የድብድብ ፊልም ዳይሬክተር ነኝ ስል ሰው ወዲያው ክንዴን ያያል። የሚታይ ክንድ የለኝም። በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ደም ሳይ ራሴን ያዞረኛል፤ በረንዳ ላይ የምቆመው ግድግዳ ተደግፌ ነው። ናይሮቢ ውስጥ ካራቴና ኩንግፉ የሚችሉ ልጆች ሰብስቤ ፊልም መሥራት ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ሳልፈራ የዋልኩበት የቀረጻ ቀን ግን የለም። ሰው ከፎቅ ሲወድቅ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ የሆነውን የማየው በኋላ በስክሪን ነው። ልጆቹ «ፈሪ ለእናቱ» እያሉ ይቀልዱብኛል። ይቀልዱ። እስከ ዛሬ ሁሉንም በእግራቸው ወደ ቤታቸው ሸኝቻለሁ።

ልጄ ሥራው ውስጥ ከገባች በኋላ ግን ፍርሃቴ እንቅልፍ የሚነሳ ሆነ። እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ ካራቴ የጀመረችው ጥርሷን ሳትነቅል ነው። ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ሌሎቹ እንቢ ያሉትን ውድቀት እሷ እጇን አውጥታ ትወስዳለች። እኔ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ስላት እሷ «ዳዲ፣ ገደሉን አይቼዋለሁ፣ ኢትስ ፋይን» ትለኛለች።

እኛ ዘንድ ከፍ ካለ ቦታ የሚወድቅ ሰው የሚያርፈው ካርቶን ላይ ነው። በአየር የሚነፋው ትልቅ ፍራሽ የባለ ገንዘቦች ነው። ካርቶኖቹ ባዷቸውን ይታሸጋሉ፣ ይደረደራሉ፣ ከላይ ስስ ፍራሽ ይለብሳሉ። ሰው ሲያርፍባቸው ይጨፈለቃሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ አጥንት ይተርፋል። ፍራሹ ከመልበሱ በፊት እያንዳንዱን ካርቶን ሁለት ሁለት ጊዜ በእግሬ ጫን እያልኩ እሞክራለሁ። ልጄ ይህን ስታይ «ዳዲ ዳንሱን ጀመረ» ብላ ሰው ታስቅብኛለች።

ሌላም ሕግ አለን። የሚቆጥረው የሚወድቀው ሰው ነው፤ ቆጠራ ከተጀመረ ማንም ትንፍሽ አይልም። አንዴ ልምምድ ላይ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ምልክት መስሎት ዘሎ እጁን ሰብሯል። ልጄ ቁጥር የተማረችው እዚህ ትምህርት ቤት ስለሆነ በስዋሂሊ ነው የምትቆጥረው። «ሞጃ» ስትል ትዘጋጃለች፣ «ምቢሊ» ስትል አንገቷን ወደ ኋላ ዞር አድርጋ ማረፊያዋን ታያለች፣ «ታቱ» ስትል ትለቃለች።

አንድ ቀን የምንቀርጸው ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር፣ ገና ግንባታ ላይ ያለ ቤት ውስጥ ነበር። ክፉው ሰውዬ ልጄን ደረቷን ሲረግጣት ከሁለተኛው ፎቅ በጀርባዋ ትወድቃለች። ካርቶኖቹን የሰጡን ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ኢስሊ ገበያ ውስጥ ልብስ ይነግዳሉ፣ ልጄንም ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያውቋታል። ጠዋት ድርደራውን ሊያዩ መጡና ቆመው ቀሩ።

«እነዚህ ባዶ ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ባዶ ናቸው።»

«ልጄን ባዶ ካርቶን ላይ ልትጥላት? ያ ረቢ! ትንሽ እንኳ አታዝንላትም?»

ስለ አየሩ አስረዳኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው መሰለኝ። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ሞክሬ ፍራሹን አለበስናቸውና ምሳ ልንበላ ወጣን።

ስንመለስ ፍራሹ እንደተውነው ነበር። ልማድ ነውና ገልጬ እንደገና ልሞክር እግሬን አነሳሁ። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«ዳዲ፣ ኢናፍ! ጠዋት ረግጠሃቸው የለ? ሰው እያየኝ ነው፣ ፕሊስ።»

እውነትም የሰፈሩ ሰው አጥሩን ከቦ ያይ ነበር። እግሬን መለስኩ። ወደ ላይ ወጣች፤ ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ጠርዙ ላይ ቆመች። ካሜራ የያዘው ልጅ «ታያሪ?» ሲላት፣ ዝግጁ ነሽ ወይ ማለቱ ነው፣ «ታያሪ» አለች።

«ሞጃ።»

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከፍራሹ ጠርዝ ሥር፣ ከአንዱ ካርቶን ፕላስተር መሃል፣ አረንጓዴ የሸሚዝ እጅጌ ወጥቶ ተንጠልጥሏል። መጀመሪያ ትርጉም አልሰጠኝም። ቀና ስል ሴትዮዋን አየሁ፤ አጥሩ ጋ ቆመው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ፈገግ ይሉልኛል። አይዞህ እንደ ማለት። ያኔ ገባኝ። ኢስሊ ሄጄ አይቻለሁ፤ ለሞያሌ መኪና የሚጫን ልብስ ካርቶን ውስጥ ሲታሸግ ተሸካሚዎቹ ላዩ ላይ ወጥተው ድንጋይ እስኪሆን ይረግጡታል።

አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ጩኸት ከሰማች ትለቃለች። እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም፣ ሮጬ ፍራሹ ላይ በጀርባዬ ተዘረርኩ። እንደ መደብ ነው የተቀበለኝ፤ ፍንክች አላለም። ከላዬ የልጄ ተረከዝ ከጠርዙ ወጥቶ ይታየኛል። ካላየችኝ እኔው ላይ ትውደቅ፣ ከካርቶኑስ እኔ እሻላለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም በኋላም አልፈራሁም።

«ምቢሊ።»

ዞር አለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። የክፉው ሰውዬ እግር ተነስቶ ነበር፤ ልጄ እግሩን በሁለት እጇ ጥምጥም አድርጋ ያዘችና ተያይዘው ወደ ውስጥ ወደቁ።

«ዳዲ! አብደሃል እንዴ? ልገድልህ ነበር እኮ!»

በቡጢ ካርቶኑን መታሁት። እንደ እንጨት ጮኸ። ከላይ ጎንበስ ብላ አየች።

ስንከፍታቸው ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የሕፃን ብርድ ልብስ ሳይቀር ተጠቅጥቆባቸዋል። ሴትዮዋ እየሮጡ መጡ። «እንዲለሰልስላት ብዬ ነው፤ ምሳ ስትበሉ ሱቅ ደውዬ ዕቃውንም ተሸካሚ ልጆቹንም አስመጣሁ። ወላሂ ልባሽ አይደለም፣ አዲሱን ነው ያስጠቀጠቅኩት።» ልጮህባቸው ፈልጌ ነበር፤ የልጄ አከርካሪ ይሰበር እንደነበር ብቻ ነገርኳቸው። መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «በእጄ?» አሉ። ንዴቴ እዚያው በረደ። እኔን የያዘኝ ፍርሃት ነው እሳቸውንም የያዛቸው።

ልብሱን አራግፈን ካርቶኖቹን እንደገና አሸግን። «ለዛሬ ይበቃል፣ ወደ ቤት እንሂድ» አልኩ። ልጄ ግን በደረጃው ወርዳ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ማንንም ሳታይ ወደ ካርቶኖቹ ሄደች፤ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በእግሯ ጫን ጫን አደረገች። ዳንስ ነው ብሎ የሳቀ አልነበረም። ዕድሜ ልኳን ትንሽ ፍርሃት እንዲገባት ስጸልይ የኖርኩ ሰው፣ ገብቶ ሳየው መልሼ ልወስድላት ተመኘሁ።

«ባዶ ናቸው» አለችኝ።

«ባዶ ናቸው» አልኳት። ፍራሹን አብረን አለበስነው፤ ተመልሳ ወጣች።

«ሞጃ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኗል። «ምቢሊ» ብላ ዞር አለች። ቆየች። ራቅ ብዬ መቆሜን እንድታይ ሁለት እጆቼን ከፍ አደረግኩ። ሴትዮዋ አጠገቤ ቆመው ልብሴን ጨምድደው ይዘዋል። አሁንም ቆየች። ትተወው ይሆን ብዬ ተስፋ አደረግኩ፤ እንዳትተወውም ፈለግኩ።

«ታቱ።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ካርቶኖቹ ሲጨፈለቁ ሰማሁ። ከዚያ ከካርቶኖቹ መሃል የልጄ ድምፅ መጣ።

«ዳዲ፣ ዓይንህን ግለጥ። ደህና ነኝ።»