ዲቃላዋን ይዤ አዲሎ የሄድኩ ቀን

ሆሳዕና ውስጥ መኪና ማሻሻጥ ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ድሮ ገዢው ሁሉ የሚፈልገው ትልቁን የናፍጣ ፒካፕ ነበር፤ ሲነሳ ከተማውን የሚያንቀጠቅጠውን፣ የጎረቤት ዶሮ እንቁላሏን ጥላ የምትሸሸውን። አሁን፣ ነዳጅ ማደያ ተሰልፎ ጺሙ ሸብቶ የወጣ ሰው በዓይኔ ካየሁ በኋላ፣ ደንበኛዬ ሁሉ የሚጠይቀኝ ትንሿን ፒካፕ ሆኗል። እቤት ቻርጅ ተደርጋ የምትሄደውን፣ ባትሪዋ ሲያልቅ ወደ ቤንዚን የምትዞረውን። «መብራት ሲጠፋ በቤንዚን፣ ቤንዚን ሲጠፋ በመብራት፤ ሁለቱም ከጠፉ ትገፋታለህ፣ ትንሽ ስለሆነች አትከብድም» እላቸዋለሁ።

ሃይብሪድ የሚለው ስሟ ግን ለማንም አልጣመም። አንድ ከጃጁራ የመጣ ወተት ነጋዴ ዙሪያዋን ዞሮ አያት፤ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ስንት ኩንታል ድንች እንደምትሸከም ጠየቀ። በመጨረሻ «ገባኝ፤ እንደ ላሜ ናት፣ ግማሽ የፈረንጅ ግማሽ የሀገር። ዲቃላ ናት በለኛ!» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የገበያው ጥያቄ ሁሉ «ዲቃላዋ ገባች?» ሆነ። ከገቡት አንዷን እኔም ለራሴ አስቀረሁ።

ባለቤቴ ያን ሰሞን የእናቷን ድንች ለማስቆፈር ወደ ትውልድ መንደሯ አዲሎ ሄዳ ነበር። ላስደንቃት ብዬ ስደውል ስልኩን ያነሱት አማቴ ናቸው። የእኔ ሀዲይኛ፣ የእሳቸው ከምባትኛ ስለሆነ የምንግባባው በአማርኛ ነው፤ እሱም ኔትወርክ ሲፈቅድ።

«እማዬ፣ ነገ ዲቃላዬን ይዤ እመጣለሁ።»

«ምንህን?»

«ዲቃላዬን! ትንሽ ናት፣ ድምፅ የላትም። ማታ ጠግባ ካደረች ቀኑን ሙሉ አታስቸግርም።»

 ስልኩ ተዘጋ። ኔትወርኩ ነው ብዬ ለብቻዬ ሳቅሁ።

በማግስቱ አዲሎ ደርሼ መኪናዋን አጥሩ ጥግ ሳቆም፣ ድምፅ ስለሌላት ማንም አልሰማኝ። ስገባ ግቢው ውስጥ ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። የባለቤቴ ዓይን አብጧል። ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ «እኔ ከአንተ ጋር ሆሳዕና አልመለስም» አለች።

ምን እንዳጠፋሁ አላውቅም፤ ድምጿን ግን አውቀዋለሁ፣ የምሯን ነበር።  እሷ የሌለችበት ቤት ታየኝ።

አማቴ ከጓዳ ወጡ። በአንድ እጃቸው ለብ ያለ ወተት በኩባያ፣ በሌላው የታጠፈ ንጹህ ጋቢ ይዘዋል።

«ከአንተ ጋር በኋላ እንነጋገራለን» አሉኝ። «ልጅቷ የታለች? ርቧት ይሆናል። እሷ ምን አጠፋች?»

ያኔ ገባኝ።

«እማዬ፣ ልጅ አይደለችም! መኪና ናት! ሃይብሪድ! ኑ እዩዋት፣ አጥሩ ጋ ቆማለች!»

ሁሉም ተግተልትለው ወጡ። መጀመሪያ የሳቁት አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሳቃቸው ዱራሜ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ባለቤቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ አልቻለችም፤ በሻርፗ ጀርባዬን ጠፈጠፈችኝ።

«ይሄ ቀልድህ አንድ ቀን ይገድልሃል!»

«ዛሬ ሊገድለኝ ነበር እኮ!»

አማቴ ወተቱን አፍስሰው አላባከኑትም፤ ለእኔ ሰጡኝ። በነገር ሁሉ ማጋነን እወዳለሁ፤ ይህችን ግን አላጋንንም፤ ወተቱን የጠጣሁት እንባዬ እየወረደ ነው። ልጃቸውን የበደልኩ መስሏቸው ሳለ፣ የበደሌን ፍሬ ሊያቅፉ ጋቢ አጥፈው የጠበቁኝ ሴት ናቸው። ከእንዲህ ያለ ቤት ያገባሁበትን ቀን ዛሬም አመሰግናለሁ።

ድንቹን ጫንን። ባለቤቴ ጋቢና ገብታ በሩን ዘጋች፤ የዚያ በር ድምፅ ከየትኛውም ሞተር ይበልጥብኛል። ልንነሳ ስንል እኚያ የሳቁት ሽማግሌ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «አንተ፣ እንደዚህች ያለች ለእኔም ፈልግልኝ» አሉኝ።

አማቴ እስከ ዛሬ ማታ ማታ ይደውላሉ።

«ልጄ፣ ዲቃላዋ ጠባች?»

«እየጠባች ነው እማዬ» እላለሁ፣ የቻርጇን ገመድ እየሰካሁ።