ጥቢ ሲገባ ይፈታለታል

መስከረም ጠባ ሲባል ሰው ሁሉ ደስ ይለዋል። እኔን አይለኝም። ከቢቸና ቁልቁል ባለው ቀዬአችን ጥቢ መግባቱን በምልክት ነው የምናውቀው፤ ወንዙ ይጠራል፣ እንቁራሪቱ ዝም ይላል፣ የጠዋቱ ጉም ቶሎ ይገፈፋል፣ ጭቃው እግር መያዙን ይተዋል። እኔም አንድ ዓመት እነዚህን ምልክቶች አንድ በአንድ ቆጥሬአለሁ። የቆጠርኩት ግን ለታላቅ ወንድሜ እግር ስል ነበር።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ነው። ጤፋችንን ሊታጨድ ሲል በረዶ መታው። የቀረልን ከታች ጥቁሩ ዋልካ መሬት ላይ የዘራነው ጓያ ብቻ ሆነ። ጓያ የድሃ ደራሽ ነው፤ ዝናብ ከሄደ በኋላ መሬቱ በያዘው እርጥበት ይበቅላል። የሚቀጥለውን ክረምት እንግዲህ በሱ ገፋን፤ ጠዋት ንፍሮ፣ ማታ ሽሮ፣ ለለውጥ ያህል ደግሞ ቂጣ።

ጓያ እግር እንደሚሰብር በእኛ አገር የማያውቅ የለም። የሚሰብረው ግን እንፋሎቱ ነው እንል ነበር። ሲፈላ የነካው ጎልማሳ ሽባ ይሆናል ይባላል። እናቴም ድስቱን ለኔ ሰጥታ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ፤ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጓያውን ስጥድ ወንድሜን ከቤት አስወጣዋለሁ። አባቴ አርጅቶ ቤቱን በእርሻ ያቆመው እሱ ስለሆነ እንደ ዓይናችን ነበር የምናየው። እየሳቀ ወጥቶ በረቱ ጋ ይቆማል፤ "ኧረ አንቺ ልጅ፣ ከገዛ ቤቴ አባረርሽኝ እኮ" ይለኛል። የክዳኑን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ እጠቀጥቃለሁ። ውሃውን ደጅ ወስጄ፣ ከሱ ርቄ አጠነፍፋለሁ። ከበረደ በኋላ እጠራውና ሳህኑን እየደራረብኩ እሞላለታለሁ። አራሽ ነዋ! እኔ፣ እናቴና አባቴ የተረፈውን እንቃመስ ነበር።

ነሐሴ ላይ ከእርሻ ሲመለስ ጉልበቱ ከዳው። መጀመሪያ ድካም መሰለው። ሳምንት ሳይሞላ እግሮቹ እየተጠላለፉ፣ በጣቱ እየረገጠ፣ በዱላ መሄድ ጀመረ። እናቴ አፈጠጠችብኝ።

"ክዳኑን ከፍተሽበታል" አለችኝ።

አልከፈትኩም ብዬ በማርያም ማልኩ። አላመነችኝም። ውዬ አድሬ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ፤ አንድ ቀን ጨርቁ ሸርተት ብሎስ እንደሆነ?

ሊጠይቁት የመጡት ሽማግሌዎች ግን አጽናኑን። "ብርድ ነው፣ ጭቃው ነው ያቀዘቀዘው። ጥቢ ሲገባ ይፈታለታል" አሉ። እኔም ይህችን ቃል ይዤ ምልክት ፍለጋ ወጣሁ። ወንዙ ሲጠራ ሮጬ ነገርኩት፤ "እንግዲህ ነገ እሻገረዋለሁ" አለኝ። የመስቀል ወፍ አየሁና ነገርኩት። ከአጥሩ ሥር አደይ ሲፈነዳ ቆርጬ መደቡ ላይ አኖርኩለት። አንስቶ አሸተተውና "አይሸትም እኮ" ብሎ መለሰልኝ። በየቀኑ ፀሐይ ላይ እያወጣን እግሩን በቅቤ እናሸዋለን። ምልክቱ ሁሉ መጣ፣ አንድም የቀረ የለም። እግሩ ግን እዚያው ነው። ያኔ ነው ጥቢን የጠላሁት፤ እስከ ዛሬም አልታረቅንም።

መንገዱ ደርቆ መኪና መግባት ሲጀምር ሞጣ የሚኖረው አጎታችን መጥቶ ወሰደው፤ እኔም ለማስታመም ተከተልኩ። ሞጣ ጤና ጣቢያ ያዩት አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ። ጉልበቱን መታ መታ አድርገው ክረምቱን ምን ሲበላ እንደከረመ ጠየቁት። ነገራቸው። እኔ ፈጠን ብዬ፣ "እንፋሎቱ እንዳይነካው ከድኜ ነበር" አልኳቸው።

"እንፋሎቱ ማንንም ነክቶ አያውቅም፣ ልጄ" አሉኝ። "የበላው ነው። ይህ ደግሞ አይመለስም።"

"ብዙ የበላ ነው የሚጎዳው?"

"አዎ፣ ብዙ የበላ።"

ወንድሜ ወደኔ አልዞረም። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ በመስኮት የሰው ጤፍ ሲያይ መጣ። አንዲት ቃል ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስንደርስ አባቴ ጓያውን ዘርቶ ጨርሷል። ድሬሰሩ ያሉትን ነገርነው። "ምን ልዝራ ታዲያ?" አለ። እናቴ ደግሞ "ስንት ዘመን የበላነውን!" ብላ ክዳኗን መጠቅጠቅ ቀጠለች።

ጓያው አበባውን ጥሎ እሸት ሲይዝ ለወንድሜ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ተገኘለት፤ ማሳ ጥበቃ። በእኛ አገር እሸት የመንገደኛ ነው። አልፎ ሂያጅ ከማንም ማሳ እፍኝ ቢቀጥፍ ነውር የለውም፤ የሚታፈረው የሚከለክለው ሰው ነው። ወንድሜ ከለከለ። ከቢቸና ገበያ የሚመለስ ሰው ጎንበስ ሲል ዱላውን እያወዛወዘ ይጮኻል፤ "ተው፣ እግርህን ትፈልገዋለህ!" ይላል። የሰሙት እሰብርሃለሁ ያለ እየመሰላቸው ይስቁበታል። አንዲት ጎረቤታችን "እግሩ ቢሰበር ልቡም ጠበበ" ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። እሷም ልጆቿን በጓያ ነበር የምታሳድገው።

ወንድሜ ከሞተ ቆየ። ቀዬው ስሄድ ዛሬም "ያ እሸት ከልካዩ" እያሉ ያነሱታል። እኔን ግን ይመርቁኛል። "አንቺማ ምን ወጣሽ" ይሉኛል፤ "ከአፍሽ ነጥቀሽ ነበር የምታበዪው።"